በደረት በር የሚገባ ሕመም፦ የድንገተኛ ፍርሃት ታሪክ ከፊላደልፊያ እስከ ኦቶና

ልብ ያለ ምክንያት መደለቅ ይጀምራል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰውየው ሞቱ የደረሰ ይመስለዋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁሉም ይበርዳል፤ የማይበርደው «ተመልሶ ቢመጣስ?» የሚለው ስጋት ነው። ሐኪሞች ፓኒክ ዲስኦርደር የሚሉት የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም ይህ ነው። በ25 አገሮች የተካሄደ የዳሰሳ ጥናት ከመቶ ሰዎች 13ቱ በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ፍርሃት እንደሚገጥማቸው፣ ጸንቶ ሕመም የሚሆንባቸው ግን ከመቶ ሁለት እንደማይሞሉ አሳይቷል። ይህ ሕመም የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ትዝም አይለው። ልብ ይመረመራል፣ ደም ግፊት ይለካል፣ «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ሰውየው ግን በሩን አልተሳሳተም። ሕመሙ በአካል በር የሚገባ ነውና ሕክምናውም በዚያው በር ገብቶ፣ ታማሚው በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየተናገረ መሰጠት አለበት። የአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት የሕክምና ታሪክ ይህን ይመሰክራል፤ የደቡብ ኢትዮጵያው የወላይታ ታሪክም ይህን መጀመር የሚያስችለው ብዙ ነገር በእጁ እንዳለ ያሳያል።

የሕመሙ ዘመናዊ ታሪክ ከጦር ሆስፒታል ይነሣል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጃኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም ልባቸው የሚደልቅ፣ ደረታቸውን የሚወጋቸው፣ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወታደሮችን በፊላደልፊያ ያክም ነበር። የ300 ያህሉን ሁኔታ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው ጽሑፍ ለሕመማቸው «ቁጡ ልብ» የሚል ስም ሰጠው። በአብዛኞቹ ልብ ላይ የሚታይ ጉዳት ባያገኝም የልብ ሥራ መዛባት ነው ብሎ በዕረፍትና በዲጂታሊስ አከማቸው። መድኃኒቱ ዛሬ አያስኬድም። የታማሚውን ቃል እንደ እውነተኛ ማስረጃ መቀበሉ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሐኪሞች ይህን እንኳ አላደረጉም።

በዚያ ዘመን ወላይታ በራሱ ነገሥታት፣ በካዎዎች፣ የሚተዳደር መንግሥት ነበር። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ዘመተበት፤ ከከባድ ውጊያ በኋላ ካዎ ጦና ጋጋ ተማረኩ። ዘመቻውን ተከትሎ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን እልቂት በመጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ አሳተመ። ስለ ሞተው፣ ስለ ተማረከውና ስለ ተነዳው ከብት የተጻፈ ነገር አለ፤ ከተረፉት መካከል ሌሊት ልቡ እየደለቀ የሚነቃ ይኖር እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። ውጊያው ባበቃ በሳምንታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 መጀመሪያ፣ ሲግመንድ ፍሮይድ በቪየና ስለ ጭንቀት አንድ ጽሑፍ አወጣ። የልብ ምትን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ላብን፣ መንቀጥቀጥንና ማዞርን የአንድ ሕመም ምልክቶች አድርጎ ዘረዘረ፤ አንዳንዱ ሰው ፍርሃቱን ሳያውቀው አካሉ ብቻ እንደሚታወክም አስተዋለ። ስለ መንሥኤው የሰጠው ማብራሪያ በኋላ የሚደግፈው አጥቷል፤ ምልከታው ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል። ከእርሱ 11 ዓመት በፊት አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ስሜት ማለት የአካል ለውጥ ሲታወቀን ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። የሁለቱ ሐሳብ ቢጋጠም ኖሮ ሕክምናው ፈጥኖ በተገኘ ነበር። አልተጋጠመም፤ የአካል ሐኪምና የነፍስ ሐኪም በየራሳቸው መንገድ ሄዱ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሕመሙን መልሶ ወደ ልብ ሐኪሞች አመጣው። ብሪታንያዊው ቶማስ ሉዊስ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች በልብ ሕመም ስም ከጦር ሜዳ ሲመለሱ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 አልጋ ላይ ማቆየት እንደሚጎዳቸው ጻፈ። በምትኩ መጠኑ ቀስ በቀስ የሚጨምር የአካል እንቅስቃሴ አዘዘላቸው። ሉዊስ ስለ ፍርሃት ሕክምና እያሰበ አልነበረም፤ ነገር ግን ልቤ ይቆማል ብሎ የሚሰጋን ሰው ልቡ በኃይል እየመታ በሕይወት እንደሚኖር በገዛ አካሉ እንዲያይ እያደረገው ነበር። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ መጥተው ከዋና ከተማው ከሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ፤ ዘመናዊ ሕክምናም ከእነርሱ ጋር ገባ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች ሚሲዮናውያኑን አስወጡ፤ ከነጻነት በኋላ ግን ሥራው ቀጠለ፣ ኦቶናም የወላይታ ሰው ታምሞ የሚሄድበት ሆስፒታል ሆነ። ኢትዮጵያ ከወረራ በተላቀቀችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ለንደን ላይ ፖል ዉድ የተባለ የልብ ሐኪም የዳ ኮስታን ሕመም ከሥሩ መርምሮ የጠራ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ምልክቶቹ የድካም ሳይሆኑ የፍርሃት ናቸው አለ፤ ታማሚው ግን ልቤ ታሟል ብሎ ይተረጉማቸዋል፣ ትርጉሙ ፍርሃቱን ይጨምራል፣ የጨመረው ፍርሃት ልብን መልሶ ያስደልቃል። የሐኪም ጥርጣሬና የተደጋገመ ምርመራም ይህን አዙሪት ሊያጠነክሩት እንደሚችሉ አልሸሸገም። ይህን ያለው የልብ ሐኪም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና የተጀመረው በሌላ ጫፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ በወረራው ዘመን የተከፈተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲቆይ፣ ወደዚያ የሚወሰደው ቤተሰብና ጎረቤት ሊይዘው ያልቻለው ከባድ ታማሚ ነበር። ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ፣ በየሳምንቱ ልቡ የሚደልቅበት ሰው አማኑኤል የእርሱ ቦታ ሊመስለው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ሁለት መንገድ ሞከረ። አንደኛው፣ ጊዮን በተባለችው በወሊሶ የሚካሄደውን የእምነት ፈውስ ማጥናት ነበር፤ ሁለተኛው፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ተራ ሰዎችን የአእምሮ ጤና መመርመር ሲሆን ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1969 ታተመ። የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ በማያውቅ ሰው ዘንድም ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ዶናልድ ክላይን ኢሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት ድንገተኛውን ፍርሃት እንደሚያቆም አገኘ። አብሮ ያየው ነገር ግን ለእኛ ክርክር ይበልጥ ይጠቅማል፦ ጥቃቱ ከቆመላቸው በኋላም ታማሚዎቹ ብቻቸውን ለመውጣት ይፈሩ ነበር። መድኃኒቱ አካሉን አረጋጋ፤ ሰውየው ስለ አካሉ የያዘውን እምነት ግን አልነካም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለወላይታ የመከራ ዓመታት ነበሩ፤ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት የደቡብ አካባቢዎች አንዱ ነበር። በውጭው ዓለም ግን የሕመሙ ዕውቀት መልክ የያዘው በዚሁ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ፓኒክ ዲስኦርደርን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው። በ1986 ኦክስፎርድ ላይ የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ክላርክ፣ ፖል ዉድ ከ45 ዓመት በፊት ያየውን አዙሪት የሕክምና መሠረት አደረገው። ሐሳቡ ሲዘረዘር እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዳገት ሲወጣ፣ ሲናደድ ወይም ብዙ ቡና ሲጠጣ ልቡ ይፈጥናል። ይህን «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ከተረጎመው ይፈራል፤ ሲፈራ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልቡ ይብስ ይፈጥናል። አየር ያጠረው ስለሚመስለው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ያ ደግሞ ራስን ያዞራል፣ ጣትና ከንፈርን ያደነዝዛል። አሁን የሞት ማስረጃ የሚመስለው ነገር በዛበት። በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርስና ሳይገድለው ያልፋል፤ እርሱ ግን የዳነው ቁጭ በማለቱ፣ ውሃ በመጠጣቱ ወይም ሰው በመጥራቱ ይመስለዋል። ስለዚህ የተሳሳተው እምነቱ ሳይፈተን ይኖራል።

ሕክምናው ይህን እምነት በንግግርም በአካልም ይፈትናል። ባለሙያው ስለ መጨረሻው ጥቃት ያስተርከዋል፦ መጀመሪያ ምን ተሰማህ? ምን ሊሆን ነው አልክ? ከዚያስ በእርግጥ ምን ሆነ? ቀጥሎ ያ የሚፈራው ስሜት ሆን ተብሎ እንዲመጣ ይደረጋል፤ አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ባርሎና ሚሼል ክራስክ በደንብ ያበጁት ልምምድ ይህ ነው። ታማሚው አንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ በቀጭን ስትሮ ይተነፍሳል፣ ወንበር ላይ ይሽከረከራል፣ ደረጃ ይሮጣል፤ ልቡ ሲደልቅ ሳይሸሽ ይቆያል፤ አለመሞቱን በገዛ አካሉ ይማራል። ሶዶ ላይ ለዚህ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የዳሞታ ተራራ ዳገት አለ፣ ውሃ ተሸክሞ መውጣት አለ፣ የጓሮ ቡና አለ፤ ሕመሙ ባለበት ሰው ላይ ቡና ምልክቱን እንደሚቀሰቅስ የታወቀ ነውና መጀመሪያ ይቀነሳል፣ በኋላ ደግሞ እንደ ፈተና ተመልሶ ይጠጣል። ልብ መመርመሩ ግን ከሁሉ ይቀድማል። የሩማቲክ የልብ በሽታ፣ የእንቅርት መዛባትና የደም ማነስ በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ልብን ያስደልቃሉ። የደረት ሕመም ያለምርመራ «ጭንቀት ነው» መባል የለበትም።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ሰው ቀድሞውንም አካሉን ከልክ በላይ የሚያዳምጥ ነው፤ ታዲያ አካልን ማዳመጥ ማስተማር እሳት ላይ ጭድ መጨመር አይሆንም? ጥናቶቹ ለተቃውሞው የተወሰነ ድጋፍ ይሰጡታል። ጀርመናዊው ራይነር ሻንድሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ሰዎች የእጃቸውን የደም ሥር ሳይዳስሱ የልባቸውን ምት የሚቆጥሩበት ፈተና አዘጋጀ፤ በ1992 አንኬ ኤለርስና ባልደረባዋ የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዚህ ፈተና ከሌሎች ይልቅ ወደ ትክክለኛው እንደሚቀርቡ አሳዩ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ፈተናው ስሜትን ሳይሆን ግምትን ሊለካ ይችላል ብለው ነቅፈውታል፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ትርጉም ማዳመጥ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ታማሚው የሚያዳምጠው አደጋ ለማግኘት ነው፤ ምቱን ሰምቶ ወዲያው ፍርድ ይሰጣል፣ ሸሽቶም ይገላገላል። ሕክምናው የሚያለማምደው ፍርድ ሳይሰጡ፣ ስሜቱ ከመነሻው እስከ ማብቂያው ሲሄድ መከተልን ነው። በዚህ ምክንያት «ረጋ በል፣ በጥልቀት ተንፍስ» የሚለው የተለመደ ምክር ብቻውን ብዙ ርቀት አይወስድም። ሰውየው የዳንኩት በአተነፋፈሴ ነው ብሎ ካመነ አንድ ተጨማሪ መሸሻ አገኘ እንጂ አልተፈወሰም።

ሌላው ተቃውሞ መድኃኒት ይቀላል፣ ይረክሳልም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ 312 ታማሚዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ይህን በቀጥታ ፈትኗል። ኢሚፕራሚንም የንግግሩ ሕክምናም ከባዶ ክኒን የተሻለ ሠሩ፤ ሕክምናው ከቆመ በኋላ ግን ጥቅሙን ይዞ የቆየው የንግግሩ ሕክምና ነው። መድኃኒት ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ለጸናበት ወይም ድባቴ ለተጨመረበት ሰው ያስፈልጋል። የሚያሳዝነው ዲያዜፓም የመሰለ ማስታገሻ ለዓመታት መዋጡ ነው። ማስታገሻው ፈጥኖ ያረጋጋል፣ ሱስ ያስይዛል፣ ሰውየው አካሉን የሚማርበትን ዕድልም ይነጥቀዋል።

ክላርክ ሐሳቡን ባወጣበት ዘመን በአገራችን የተወሰደው ትልቁ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ነው፤ ሕክምናው ከአዲስ አበባ ውጭ ወዳሉ ሆስፒታሎች መድረስ የጀመረው በእነርሱ ነው። እነ ዶክተር አታላይ ዓለም ቡታጅራ ላይ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው ከመቶው 17 ያህሉ በአእምሮ ጭንቀት ውስጥ መሆናቸውን አሳተሙ። ቡታጅራ ከወላይታ ሩቅ አይደለችም። ወላይታ ራሱ በእነዚሁ ዓመታት ሁለት ነገር አሳየ፤ ሁለቱም ስለ ፍርሃት ሕክምና የተደረጉ አይደሉም፣ ለእርሱ ግን ያገለግላሉ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ የተዘጋጀው ወጋጎዳ የተባለው መማሪያ ትምህርት ቤት ሲገባ ሶዶ ተቃወመች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ልጁ በራሱ ቋንቋ ፊደል እንዲቆጥር ይህን ያህል ዋጋ የከፈለ ሕዝብ፣ በጣም የግል የሆነውን ፍርሃቱን በሁለተኛ ቋንቋ እንዲያስረዳ መጠየቅ የለበትም። ልቡ ሲደልቅ በውስጡ ለራሱ የሚነግረው ቃል ወላይትኛ ከሆነ፣ ያን ቃል የሚፈትነው ንግግርም ወላይትኛ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የእግር እብጠቱ ታሪክ ነው። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ብዙ ሰው ዝሆኔ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰዎች ከአምስት በላይ ላይ ተገኝቷል። ታማሚዎቹ ከሰርግ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከትምህርት ቤት ይገለሉ ነበር። ቀደም ሲል በሶዶ ሆስፒታል ያገለገሉት ሐኪም ናታን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመሩት ማኅበር በየገበያው ቀን ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ ይዞ ወረደ፤ ሥራውን የያዙት በአብዛኛው ራሳቸው ታመው የተሻላቸው ሰዎች ነበሩ። ሐኪም በሌለበት፣ በቀላል ነገር፣ በተከታታይነትና በወገን ቋንቋ የሚሰጥ ሕክምና ሰውን ከተደበቀበት ሊያወጣ እንደሚችል ወላይታ ለዓለም አሳይቷል። በዚህ ሕመም ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዘር ጥናትም በአካባቢው ሰዎች ላይ የተሠራ ነው። ለእግር የተቻለው ለፍርሃት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ለዚህም ምሳሌ አለ፦ ዚምባብዌ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ሐራሬ ላይ ሠልጥነው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያወያዩ አሮጊቶችን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 በጥናት አረጋግጧል፤ 573 ታማሚዎች ተሳትፈው የተወያዩት ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸዋል።

በዚህ መካከል የመንግሥት እርምጃዎችም በፍጥነት ተከተሉ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1999 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ኦቶናም የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ያዘጋጀው መመሪያ በኢትዮጵያም ተሞከረ፤ በጉራጌዋ ሶዶ ወረዳ፣ ከወላይታ ሶዶ ጋር በስም ብቻ በምትገናኘው፣ ለዓመታት ተሠርቶበታል። ትኩረቱ ግን በከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በድባቴ፣ በሚጥል በሽታና በአልኮል ላይ ነበር። ራሱን የቻለ የጭንቀት ሕመም ክፍል በመመሪያው አልነበረም። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ልብ የሚደልቅበትን ሰው የሚያስተናግድበት ገጽ አልተሰጠውም ማለት ነው፤ ይህን ጉድለት በባለሙያው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም።

የወላይታ ሰው የሚፈራበት እውነተኛ ምክንያት አለው፣ ስለዚህ ጉዳዩ የሕክምና ሳይሆን የሰላምና የእንጀራ ነው የሚል ክርክርም አለ። እውነትነት አለው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ የወላይታ ተወላጆች ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል፤ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ሲታሰሩ በሶዶና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ተቃውሞ ሰዎች ሞተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ኪንዶ ዲዳዬ ላይ ናዳ ሰው ቀብሯል። ከእነዚህ ወዲህ የሚፈራ ሰው አልተሳሳተም፤ ፍትሕና እርዳታ ይገባዋል። ነገር ግን አደጋው ካለፈ ከወራት በኋላ ገበያ መሃል፣ ምንም በሌለበት ልቡ የሚደልቅ ሰው የሚሸሸው ከጥይት ወይም ከናዳ አይደለም፤ ከገዛ አካሉ ነው። ፍትሕ ቢገኝለትም ይህ በራሱ አይለቀውም። የውጭ አገር ሕክምና ለእኛ አይሆንም ለሚሉትም የአእምሮ ሐኪሙ ዴቨን ሂንተን በአሜሪካ ከካምቦዲያ ስደተኞች ጋር የሠራው ሥራ መልስ ይሆናል፤ ስደተኞቹ በአካላቸው ውስጥ ነፋስ እንደሚነሣ ያምኑ ነበር፣ እርሱም ያን እምነታቸውን ሳይንቅ ሕክምናውን በእርሱ ላይ አቆመው፣ ጠቀማቸውም። ወላይታ ደግሞ በዘመን መለወጫ በዓሉ በግፋታ መባቻ ቂም የያዙ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት፣ የሚታረቁበት ባህል ያለው ነው፤ ተቀምጦ ችግርን እስከ ሥሩ መናገር እንግዳ አይሆንበትም። ጸሎትም እንቅፋት አይሆንም፤ የሚጸልይ ሰው ከጸሎቱ ተነሥቶ ዳገቱን ቢወጣ ከእምነቱ የሚጋጭ ነገር የለም። እንቅፋት የሚሆነው ሕመሙ የእምነት ማነስ ነው ተብሎ ሲነገረው ነው፤ የቃለ ሕይወት፣ የኦርቶዶክስና የካቶሊክ አገልጋዮች ይህን ቢተዉ ለሕዝባቸው ትልቅ ውለታ ይሆናል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆነች። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመመሪያው ላይ የጭንቀት ሕመም ክፍል ጨመረ፤ አጭርና ሥርዓት ያለው የሥነ ልቦና ሕክምናን ይመክራል፣ ለድንገተኛ ፍርሃት ሕመም ዲያዜፓምና መሰሎቹ እንዳይሰጡ ይላል። አሁን መመሪያው አለ፣ ሆስፒታሉ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የክልሉ ጤና ቢሮና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከኦቶና ድንገተኛ ክፍል አጠገብ አንዲት ክፍል ይክፈቱ፤ የልብ ምርመራው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ሰው «ምንም የለብህም» ከመባል ይልቅ ወደዚያች ክፍል ይላክ፤ በወላይትኛ የሚያነጋግረው፣ ዳገቱንም አብሮት የሚወጣ የሠለጠነ ነርስ ይጠብቀው። ይህን የምታነቡ ታማሚዎችም፣ ልባችሁ ተመርምሮ ደህና ከተባለ በዚያ አታብቁ፤ ይህ ሕመም ስም እንዳለው፣ እንደሚታከምም ነግራችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያያችሁ ጠይቁ።